ለተጎዳ ገላ ድጋፍ የሚሆነው ነገር እንዴት ይመረጣል?



በወላይታ ሶዶ ሕንፃ ሲሠራ ግንበኛው አስቀድሞ የባሕር ዛፍ ርብራብ ያቆማል፤ ግድግዳው ከጸና በኋላ ግን ርብራቡን ያነሣዋል። የዛሬው ንግግራችን ለሰው ገላ ስለሚቆም እንዲህ ያለ ርብራብ ነው።

የወላይታ ሰው ስብራት ሲደርስበት ከጥንት ጀምሮ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻውም አጥንቱን ወደ ስፍራው መልሶ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር ያስረዋል፤ ለታማሚውም ለስብራት ይበጃል የተባለ የእንሰት ዓይነት ተለይቶ ይሰጠዋል። እንግዲህ ለጥገና የሚሆነውን ነገር መምረጥ ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። ሆኖም ማሰሪያው ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደም ይታገዳል፤ በዚህም ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ወገኖቻችን አሉ።

በኤውሮፓም ምርጫው ያለ ችግር አልተገኘም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. የበርሊኑ ሐኪም ቴሚስቶክሌስ ግሉክ በበሽታ የተበላ የጉልበት መጋጠሚያ በዝሆን ጥርስ ተካ፤ ጥርሱ ጠንካራ ቢሆንም ቁስሉ እየመረቀዘ ሥራው አልሰመረለትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ድሬስማን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ሐኪም የአጥንትን ጎድጓዳ በጀሶ ሞላ። ጀሶው እየሟሟ ሲጠፋ በስፍራው አጥንት በቀለ፤ ነገር ግን ጀሶ ሸክም አይችልም፤ አንዳንድ ጊዜም አጥንቱ ሳይሞላ ቀድሞ ያልቃል።

በ1981 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ፥ በቦስተን ከተማ፥ ዮአኒስ ያናስና ጆን በርክ ከከብት ከተገኘ ኮላጅንና ከሻርክ ዓሣ ልም አጥንት ከወጣ ንጥረ ነገር ለተቃጠሉ ሰዎች የቆዳ ርብራብ ሠሩ። የታማሚው ሕዋሳት በረቂቅ ቀዳዳዎቹ ገብተው አዲስ ሥጋ ሲሠሩ፥ ርብራቡ በራሱ ጊዜ ሟሙቶ ይጠፋል። በ1993 ዓ.ም. ሮበርት ላንገርና ጆሴፍ ቫካንቲ ባወጡት ጽሑፍ ይህ ሙያ የሕብረ ሕዋስ ምሕንድስና በሚል ስም በዓለም ታወቀ።

ከዚህ ታሪክ አራት ጥያቄዎች ይወጣሉ። የተመረጠው ነገር ገላን አይመርዝምን? ሕዋሳት የሚገቡበት ቀዳዳ አለውን? ለአጥንት ሲሆን ቀዳዳው ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ባያንስ ይመረጣል። ሸክሙንስ ይችላልን? አዲሱ ገላ እስኪጸና ቆይቶ ከዚያ በኋላ ይጠፋልን?

በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፤ አገራችሁ ከብትና እንሰት የሞላበት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር በደጃችን ስለ ተገኘ ብቻ ይበጃል አይባልም፤ በአራቱ ጥያቄዎች ይፈተን። ወጌሻውንም ከመናቅ ይልቅ ማሰሪያውን እንዲያላላና የጣቶቹን ሙቀትና ቀለም እንዲመለከት ብታስተምሩት፥ አዲሱ ጥበብ እስኪደርስ ድረስ ዛሬውኑ የሚተርፍ እጅና እግር አለ።