የጦር አውሮፕላን ስብርባሪ ልየታ (አዊ እና ጎጃም)

የጦር አውሮፕላን ስብርባሪ ልየታ የሚባለው፣ ወድቆ ወይም ተቃጥሎ ከቀረ አካል ተነስቶ አውሮፕላኑ ምን ዓይነት እንደነበር፣ የየትኛው አገር እንደሆነ፣ መቼ እንደወደቀና ማን ያበረው እንደነበር የማወቅ ሥራ ነው። በአቪዬሽን ሙዚየሞች ዘንድ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ብረቱን፣ መዝገቡንና የሰውን ትውስታ ያገናኛል። በአዊ ዞን፣ በተለይ በዳንግላና በእንጅባራ አካባቢ፣ ጉዳዩ በዋናነት የሚመለከተው በ1932 ማብቂያና በ1933 ዓ.ም. በጎጃም የተካሄደውን ጣሊያንን የማስወጣት ዘመቻ ነው።

በዚያ ዘመን ዳንግላም እንጅባራም የጣሊያን ጦር የሰፈረባቸው ነበሩ። ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ይመሩት የነበረው «ሚሽን 101» የተባለ የእንግሊዝ ቡድን በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ገብቶ ከጎጃም አርበኞች ጋር ተገናኘ፤ ሰፈሩንም ፋጉታ ላይ አደረገ። ለአርበኞቹ ድጋፍ የእንግሊዝ አየር ኃይል 47ኛ ስኳድሮን በቪከርስ ዌልስሊ ቦምብ ጣዮቹ ዳንግላን፣ ቡሬንና ባሕር ዳርን ደበደበ። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ መኮንን ኦርድ ዊንጌት በአሮጌ ቪከርስ ቪንሰንት አውሮፕላን ተሳፍሮ ሰከላ ላይ በተደለደለ ማረፊያ ወረደና ከሳንድፎርድ ጋር መከረ። ከጣሊያን በኩል ደግሞ ባለ ሦስት ሞተሩ ካፕሮኒ 133 እና ፊያት ሲ.አር.42 ተዋጊ ይበሩ ነበር። ጣሊያኖች ዳንግላን የለቀቁት በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው።

ጎጃምን ያገለገሉ አውሮፕላኖች ሁሉ ጎጃም ውስጥ አልወደቁም። ጥቅምት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ሱዳን ውስጥ ያለውን የገዳሪፍ አየር ማረፊያ በድንገት አጥቅተው ስምንት ዌልስሊና ሁለት ቪንሰንት መሬት ላይ እንደቆሙ አቃጥለዋል። ስለዚህ የአንድን አውሮፕላን መጨረሻ የሚከታተል ሰው ድንበር መሻገሩ አይቀርም።

ወደ ብረቱ ስንመለስ፣ ከእሳትም ከጊዜም ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ሞተሩ ነው። ዙሪያውን የተደረደሩትን ሲሊንደሮች መቁጠር ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሰባት ከሆኑ የካፕሮኒ 133ቱ ፒያጆ ሊሆን ይችላል፤ በሁለት ረድፍ አሥራ አራት ከሆኑ የሲ.አር.42ቱ ፊያት ኤ.74 ይጠረጠራል፤ ዘጠኝ ከሆኑ የእንግሊዞቹ ብሪስቶል ፔጋሰስ ይታሰባል። ፔጋሰስ ግን በዌልስሊም በቪንሰንትም ላይ ተገጥሟል፤ ሞተሩ ብቻ ሁለቱን አይለይም።

እነሱን የሚለየው አጽሙ ነው። ዌልስሊን የነደፈው ባርነስ ዋሊስ አካሉንና ክንፉን የሠራው ልክ እንደ ቅርጫት ነው፤ ቀጫጭን የዱራሉሚን ዘንጎች እየተጠማዘዙና እየተሻገሩ፣ መገናኛቸው ላይ እየተያያዙ፣ ክፍተታቸው የአልማዝ ቅርጽ ይዞ ይሄዳል። ላዩ በጨርቅ ይሸፈን ነበር። ጨርቁ ሲበሰብስ ወይም ሲነድ ስፌት የመሰለው መረብ ብቻውን ይቀራል። ከማሳ ዳር የክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ ያልዛገ፣ ቀላል፣ ሰያፍ ለሰያፍ የተሻገረ ቁራጭ የሚያገኝ ገበሬ ያየው ነገር ከተራ ቆርቆሮ ጋር አይምታታበትም። ካፕሮኒ በአንጻሩ የተበየደ የብረት ቱቦ ነው፤ ይከብዳል፣ ይዝጋል።

ይህ ልዩነት ትልቅ ቦታ የሚሰጠው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1938 ሁለት ዌልስሊዎች ከግብፅ ኢስማኢሊያ ተነስተው ሳያርፉ አውስትራሊያ ዳርዊን ደረሱ፤ 11,526 ኪሎ ሜትር በመብረር የዓለምን የርቀት ክብረ ወሰን ያዙ። ይህን ያህል ስም የነበረው አውሮፕላን ዛሬ ሙሉ ሆኖ የቆመበት ሙዚየም በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ በሱዳን፣ በኤርትራና በኢትዮጵያ መሬት ላይ የሚገኝ የዌልስሊ ቁራጭ፣ ትንሽም ቢሆን፣ እንደ ብርቅ ቅርስ ሊታይ ይገባዋል።

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ የሚፈለገው የአንዱ አውሮፕላን መለያ ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች «ኤም.ኤም.» በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ወታደራዊ ቁጥር አላቸው፤ የእንግሊዞቹ ዌልስሊዎች ቁጥራቸው በ«ኬ» ወይም በ«ኤል» ይጀምራል። ሞተሩም የራሱ ቁጥር አለው። ነገር ግን ሞተር ከአንዱ አውሮፕላን ወጥቶ ሌላው ላይ ይገጠም ስለነበር የሞተር ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሚነበብ ቁጥር ከጠፋ የብሎኑ ልክ ይረዳል፤ የእንግሊዙ በኢንች፣ የጣሊያኑ በሚሊ ሜትር ነው።

ቁጥሩ ወደ መዝገብ ይመራል። የእንግሊዝ ስኳድሮኖች የዕለት ውሎ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል፤ የጣሊያኑ የሚፈለገው ሮም ባለው የአየር ኃይሉ የታሪክ ክፍል ነው። እዚህ ላይ የቀን አቆጣጠር ልዩነት ያልተጠነቀቀን ያሳስታል። ሆኖም ያገራችን ሰው ነገርን በታቦት ቀን ማስታወሱ ጠቃሚ መሣሪያ ይሆናል። አንድ አዛውንት «እንግሊዙ ሰከላ ላይ የወረደው የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው» ቢሉ፣ ቀኑ ኅዳር 11 ነው፤ ይህም በእንግሊዞቹ መዝገብ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1940 ተብሎ ከሚገኘው ከዊንጌት በረራ ጋር አንድ ይሆናል። መዝገቡ የማይጽፈውን፣ ለምሳሌ ጭሱ የታየው ከየትኛው ጉብታ ጀርባ እንደነበር፣ የሚናገረው ያገሬው ሰው ብቻ ነው። በአዊ ደግሞ ጥያቄው በአገውኛም ሊቀርብ ይገባል፤ የቦታ ስሞች በአማርኛ ካርታና በጣሊያን ካርታ ላይ ተለዋውጠው ይገኛሉና።

ብረት፣ መዝገብና ምስክር ተገጣጥመው የተሟላ ታሪክ የሰጡበት ምሳሌ ከአዊ በስተሰሜን ይገኛል። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲያተር አውሮፕላን፣ ኢልዴብራንዶ ማላቮልታ ያበረውን ሲ.አር.42 ከጎንደር በስተሰሜን አምባዞ አጠገብ መታው። ስብርባሪው በማግስቱ ተገኘ። ደቡብ አፍሪካውያኑ ለጀግንነቱ ክብር የሚሰጥ መልእክት በጣሊያኖች ምሽግ ላይ ከአየር ጣሉለት። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን አየር ኃይል የመጨረሻ የአየር ውጊያ ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

ሙሉ አውሮፕላን ተማርኮ ሲቀመጥ ሥራው ይቀልላል። በ1928 ዓ.ም. ግድም በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ የተሠራችውና በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ከሮም በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ስትታይ ቆይታ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ማንነቷ ስላልጠፋ ጥያቄው የባለቤትነት ብቻ ነበር።

የጎጃም ስብርባሪ ይህ ዕድል የለውም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ብረት 1,500 ያህል ይፈልጋል። በከሰልና በወናፍ የሚሠራ ምድጃ የዌልስሊን መረብ ድስት ለማድረግ ይበቃል፤ ቆራሌውም ከሌላ ቁርጥራጭ ጋር በኪሎ ይገዛዋል። ቁጥሩ አብሮ ይቀልጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ በቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዳለ እንዲጠብቅ ያዛል። ስብርባሪው አጠገብ ያልፈነዳ ቦምብ ወይም ጥይት ሊኖር ስለሚችል በእጅ ከመንካት ይልቅ ፖሊስን መጥራት ይቀድማል። ቁራጩ ከቦታው ሳይነሳ፣ አጠገቡ የእጅ ስንዝር ወይም ሜትር ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል፤ የቀበሌው፣ የጎጡና የማሳው ስም በአካባቢው ሰው አጠራር ይጻፋል፤ ያየውና የሰማው ሰው ቃልም ከነቀኑ ይያዛል።