«ክፈት» እና «ዝጋ»፦ ስለ በር ቃላት ታሪክና ስለ ኤሌክትሮኒክ መቆለፊያ ስያሜ

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የልደታ ሠፈር መልኩ ተለውጧል። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የጭቃ ቤቶቹና የቆርቆሮ አጥሮቹ ፈርሰው በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቆሙ፤ ወደ ሰንጋ ተራ በኩልም የባንኮችና የመድን ድርጅቶች ፎቆች ተነሡ። በነዚህ ሕንጻዎች ውስጥ መዝጊያው በመክፈቻ ሳይሆን በካርድ፣ በጣት አሻራ ወይም በምስጢር ቁጥር ሲከፈት ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። መሣሪያውን የሚተክሉት ወጣቶች ሥራውን ያውቁታል፤ በሥራው ላይ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን አንዱ እግሩ በአማርኛ፣ አንዱ በጣልያንኛ፣ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ የቆመ ነው። የአተካከል መመሪያ እንዲተረጉም የታዘዘ ሰው መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የበር ቃላት የመጡበትን መንገድ በአጭሩ ተከትለን፣ በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ሆኖ ወዳገኘነው የቃላት ጥንድ እንደርሳለን።

ግእዝ ለበር የነበሩት ቃላት ብዙዎች ናቸው። «ኆኅት» ደጁን፣ «ማዕጾ» ከ«ዐጸወ» (ዘጋ) ወጥቶ መዝጊያውን፣ «መድረክ» የበሩን ደፍ፣ «መርኆ» መክፈቻውን፣ «አንቀጽ» መግቢያውን ያመለክቱ ነበር። ከነዚህ መካከል ሁለቱ በአማርኛ ያገኙት ዕጣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትምህርት የሚሰጥ ነው። «መድረክ» ከደፍነት ተነሥቶ የተናጋሪና የተዋናይ መቆሚያ ሆነ። «አንቀጽ» ደግሞ ከበርነት ተነሥቶ የሕግ ክፍል መጠሪያ ሆነ፤ በልደታ ምድብ የፌዴራል ችሎቶች ጠበቃና ዐቃቤ ሕግ ቀኑን ሙሉ አንቀጽ ሲጠቅሱ ይውላሉ፤ በር እየቈጠሩ መሆናቸውን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ቃል ከዕቃው ተለይቶ እንዲህ ርቆ ሊሄድ የሚችል ከሆነ፣ ዛሬ ለአንድ ዕቃ የምንሰጠው ስም ነገ የት እንደሚደርስ መገመት ያዳግታል።

አማርኛ በበኩሉ ለበር ክፍሎች የራሱን ስሞች አበጅቷል። «በር» ክፍተቱንም የሚዘጋውንም በአንድነት ሲጠራ፣ «መዝጊያ» የሚንቀሳቀሰውን ሳንቃ ብቻ፣ «መቃን» ሳንቃው የሚያርፍበትን ቋሚ፣ «ማጠፊያ» የሚዞርበትን ብረት ይለያል። «መቀርቀሪያ»፣ «መሸጎሪያ» እና «መወርወሪያ» የማገጃው ዓይነቶች ናቸው። ተንጠልጣዩን ቁልፍ ሕዝቡ «ጓጉንቸር» ብሎታል፤ ቅርጹ ካጎነበሰች እንቁራሪት ጋር ስለሚመሳሰል ይመስለናል። ስም አውጪው ኮሚቴ ሳይሆን ገበያው ነበር፤ እኛም ከዚያ የተሻለ ስም ልናወጣ መቻላችንን እንጠራጠራለን።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ስንዘልቅ በር የሥልጣን ቃል ሆኖ እናገኘዋለን። «ደጃዝማች» ሲተነተን የደጅ አዝማች ነው። «አጋፋሪ» በግብር ቀን እንግዳውን በማዕረጉ እየለየ የሚያስገባ፣ «ባልደረባ» ባለጉዳዩን ከጌታው ዘንድ የሚያቀርብ ነበር። የንጉሡን እልፍኝ የሚጠብቀው ሹም ስም ደግሞ «እልፍኝ አስከልካይ» ነው። በቤተ ክርስቲያንም በኩል «ዐጻዌ ኆኅት» የሚባል አገልግሎት አለ፤ ቃል በቃል «በር ዘጊ» ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንላለን። በእልፍኙም በቤተ መቅደሱም በር ጠባቂው የተሰየመው በሚያስገባው ሳይሆን በሚከለክለው ነው። ማስገባት እንግዲህ የመከልከል ሥልጣን ያለው ሰው የሚያደርገው ችሮታ ነበር፤ «ደጅ መጥናት» የሚለውም ግሥ ከዚሁ ሥርዐት የተወለደ ነው።

የኤሌክትሪኩ ወገን ቃላት ታሪክ አጭርና የተደባለቀ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በቀሩት የጣልያን ባለሙያዎች አማካይነት «ኮረንቲ»፣ «ስፒና»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ፒንሳ»፣ «ብሎን» እና «ላሜራ» በሠራተኛው አፍ ገቡ። በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዛሬም በዚያው በሜክሲኮና በልደታ አካባቢ የሚገኘው ተግባረ እድ ትምህርት ቤት በስሙ የግእዝን «እድ» (እጅ) ይዞ በጓሮው የጣልያንኛ መሣሪያ ስሞች ሲነገሩበት ኖሯል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ አሉ፤ እኛ ግን አንቈጥረውም። «ካቻቢቴ» የተባለውን ዕቃ ዛሬ «ብሎን መፍቻ» ብሎ መተርጐም ይቻላል፣ ነገር ግን በሱቅ ሲጠየቅ የሚሰጠው «ካቻቢቴ» ሲባል ነው። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ሲቋቋም፣ ከአብዮቱም በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላትን ለመሰየም ሲደከም፣ በመጽሐፍ ቃልና በመደብር ቃል መካከል ያለው ርቀት ዘወትር የሚያከራክር ጉዳይ ነበር።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። የኤሌክትሮኒክ መግቢያ መቆጣጠሪያ በመሠረቱ ጥቂት ክፍሎች አሉት። በበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ካርድ ወይም አሻራ የሚያነብ «አንባቢ» ይተከላል፤ ያነበበውን በቀጫጭን ሽቦዎች ወደ «መቆጣጠሪያው» ይልካል። ከነዚህ የመላላኪያ ዘዴዎች ዊጋንድ የሚባለው፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በጆን ዊጋንድ ግኝት ስም የተጠራው፣ ሁለት የመረጃ ሽቦዎች አሉት፤ አንዱ ዜሮን፣ ሌላው አንድን ያስተላልፋል። በስፋት የተለመደው የካርድ ቁጥር 26 አሐዝ ሲሆን፣ 8ቱ የተቋሙን፣ 16ቱ የካርዱን ቁጥር ሲይዙ፣ ሁለቱ ስሕተት መፈተሻ ናቸው። መቆጣጠሪያው ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ፈቃድ ካገኘ የመቆለፊያውን ኮረንቲ ይለውጣል። ኃይሉ 12 ወይም 24 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማም ባትሪ ያስፈልገዋል።

መቆለፊያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመቃኑ ላይ የሚታሰር ኤሌክትሮማግኔት ነው፤ በመዝጊያው ላይ የተበሰረውን የብረት ሳህን ይስባል፤ በተለመደው መጠን 270 ኪሎ ግራም ያህል የሚያስከብድ ኃይል ይይዛል። ሁለተኛው በመቃኑ ውስጥ ተቀብሮ የመቀርቀሪያውን ምላስ የሚይዝና የሚለቅ ነው። በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ «መቃን»፣ «መዝጊያ» እና «መቀርቀሪያ» ያለ ምንም ጭንቀት ቦታቸውን ያዙ። እንግሊዝኛው ክፍተቱንም ሳንቃውንም በአንድ ቃል ሲጠራ፣ ተርጓሚው «በር» ብሎ ከተወው ሠራተኛው ማግኔቱን የትኛው ላይ እንደሚያስር አይታወቅም፤ «መዝጊያ» እና «መቃን» ካለ ግን ጥያቄው አይነሣም። የድሮው ቃል እዚህ ላይ ከአዲሱ የበለጠ ትክክል ነው።

«ቁልፍ» ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ቃሉ ቆላፊውንም፣ መክፈቻውንም፣ የልብስ ቁልፍንም፣ የመጻፊያ መኪና ቁልፍንም ይጠራል። በመግቢያ መቆጣጠሪያ ላይ እነዚህ በአንድ ግድግዳ ላይ ስለሚገናኙ «ቁልፉን ሲጫኑ ቁልፉ ይከፈታል» የሚል ዐረፍተ ነገር በእውነት ሊጻፍ ይችላል። የምንጫነውን «መጫኛ» እንበለው እንዳንል ያ ስም ጭነት የሚታሰርበት ጠፍር ነው። ስለዚህ የሚቆልፈውን «መቆለፊያ»፣ በእጅ የሚያዘውን «መክፈቻ»፣ በጣት የሚጫኑትን ብቻ «ቁልፍ» ማለት የሚበጅ ይመስለናል፤ ሦስቱም በሕዝቡ አፍ ያሉ ናቸው።

ከሁሉ የከበደው ግን «ከፈተ» እና «ዘጋ» ናቸው። በኤሌክትሪክ ሳይንስ ዑደቱ ሲዘጋ ኮረንቲ ይፈስሳል፣ ሲከፈት ይቋረጣል፤ ይህም ሽቦው ክብ ሆኖ መጋጠሙን ከማየት የመጣ አነጋገር ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ግን «ቧንቧውን ክፈት» ሲል ውሃው ይፍሰስ ማለቱ ነው። «ሬዲዮውን ክፈት» ሲል ይናገር፣ «ዝጋው» ሲል ጸጥ ይበል ማለቱ ነው፤ «ስልኩን ዘጋብኝ» ሲልም አቋረጠብኝ ማለቱ ነው። በቋንቋችን መክፈት ማስተላለፍ፣ መዝጋት ማቋረጥ ነው። የሳይንሱ ቃል ከዚህ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ በትምህርት ቤት «ዝግ ዑደት» እና «ክፍት ዑደት» ተብሎ የተማረው ሰው እንኳ ሁለቱን በአእምሮው እያገላበጠ ይኖራል።

በበር መቆለፊያ ላይ ግጭቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ በሩም፣ ዑደቱም፣ ኮረንቲውም ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉና። የማግኔቱ መቆለፊያ ኮረንቲ እስካለው ድረስ ይቆልፋል። በአማርኛ ልማድ ኮረንቲው ሲከፈት በሩ ይዘጋል፤ በሳይንሱ አነጋገር ዑደቱ ሲዘጋ በሩ ይዘጋል። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ የሚናገሩትም ስለ አንድ ነገር ነው። የመቆጣጠሪያው መገናኛ ሁለት ጫፎች አሉት፤ አንዱ ሳይነካ ያስተላልፋል፣ ሌላው ሳይነካ ያቋርጣል። መመሪያው እነዚህን «ዘወትር ዝግ» እና «ዘወትር ክፍት» ብሎ ቢተረጐም፣ አንድ አንባቢ በትምህርት ቤት ቃል፣ ሌላው በቤት ቃል ተረድቶ ተቃራኒውን ያስራል።

ይህ ስሕተት በመግቢያው በኩል ከሆነ ወዲያው ይታያል፤ በሩ አለአግባብ ክፍት ይሆናልና። በመውጫው በኩል ሲሆን ግን ይደበቃል። ከውስጥ ያለው የመውጫ ቁልፍ የማግኔቱን ኮረንቲ ራሱ እንዲቆርጥ ሆኖ መታሰር ሲገባው፣ ለመቆጣጠሪያው ምልክት ብቻ እንዲልክ ቢታሰር፣ መቆጣጠሪያው ደኅና ሳለ በሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ማንም አይጠረጥርም። መቆጣጠሪያው በተበላሸ ቀን፣ ይልቁንም በእሳት አደጋ ቀን፣ ቁልፉ ቢጫኑትም ዝም ይላል። ስለዚህ ለእነዚህ ጫፎች «ሳይነካ አስተላላፊ» እና «ሳይነካ አቋራጭ» የሚሉትን እናቀርባለን። ረዘም ይላሉ፤ ግን የሚደረገውን ይናገራሉ፣ በር የሚለውንም ግሥ ለበሩ ይተዋሉ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥንድ አለ። አንዱ መቆለፊያ ኃይል ሲቋረጥ ይለቃል፣ ሌላው ኃይል ሲቋረጥ እንደ ተቆለፈ ይቀራል፤ የኋለኛው ከውስጥ በእጀታ መከፈት ይኖርበታል። የፊተኛው የእንግሊዝኛ ስም ቃል በቃል ሲወሰድ ስለ ደኅንነት የሚናገር ይመስላል፣ «ደኅንነቱ የተጠበቀ መቆለፊያ» ቢባልም ንብረት ጠባቂው ሌባ የማይከፍተው ነው ብሎ ይገዛዋል። የሚጠበቀው ግን ዕቃው ሳይሆን ሰው ነው። በአዲስ አበባ ኃይል ሲቋረጥ «መብራት ጠፋ» የማይል የለም፤ ይህን ግሥ ይዘን «ሲጠፋ ተከፋች» እና «ሲጠፋ ተቆላፊ» ብንል፣ ገዢውም ሠራተኛውም መብራት በጠፋ ማታ በሩ ምን እንደሚሆን ከስሙ ያነባል።

የጠቅላላው ሥርዐት ስም ይቀረናል። «የመግቢያ መቆጣጠሪያ» የሚለው በመሥሪያ ቤቶች እየተለመደ ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። «እልፍኝ አስከልካይ» የሚለውን ለመሣሪያ ማደስ ለጊዜው የሚያስደስት ቢሆንም፣ ማዕረጉ ገና በታሪክ መጻሕፍት ሕያው ስለሆነ ግራ ያጋባል። «አሻራ» ግን ያለ ማንም ትእዛዝ ቦታውን አግኝቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማ ፈንታ የጣቱን አሻራ እንዲያኖር ይፈቅዳል፤ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው ምልክት ግን ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድደውም ይላል። ያን ጊዜ አሻራ ያልተማረ ሰው ምልክት ነበር። ዛሬ በልደታ ፎቆች የባንኩ ሹም ወደ ገንዘብ ክፍሉ ለመግባት የሚያኖረው እርሱኑ ነው።