ባሕሩን በወረንጦ የፈተሹ ተማሪዎች

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በአትላንቲክ ዳርቻ፣ ዉድስ ሆል የምትባል መንደር አለች። የባሕር ሕይወት ቤተ ሙከራ የተከፈተባት እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ተመሠረተባት፤ የተቋሙ የመጀመሪያ የምርምር መርከብ «አትላንቲስ» ባለ ሸራ ነበረች። ኮርዊዝ ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1971 የጠነሰሰው የባሕር ትምህርት ማኅበርም መቀመጫውን ያደረገው እዚችው መንደር ነው።

ማኅበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጥቂት ሳምንታት በየብስ ካስተማረ በኋላ በባለ ሸራ መርከብ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ ይዟቸው ይወጣል። ሥራው «ዌስትዋርድ» በተባለች መርከብ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1987 በመሥራቹ ስም የተሰየመችው «ኮርዊዝ ክሬመር» ተጨመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ «ሮበርት ሲ. ሲማንስ» ሥራ ጀመረች።

በእነዚህ መርከቦች ላይ ተሳፋሪ የሚባል የለም። ተማሪዎቹ በሦስት ቡድን ተከፍለው ሌት ተቀን ይሠራሉ። ዕለቱ አምስት ፈረቃ አለው፤ ሁለቱ የቀን ፈረቃዎች ስድስት ስድስት ሰዓት፣ ሦስቱ የማታና የሌሊት ፈረቃዎች አራት አራት ሰዓት ይፈጃሉ። አምስቱ ፈረቃ ለሦስት ቡድን እኩል ስለማይዳረስ የእያንዳንዱ ቡድን የሥራ ሰዓት በየቀኑ ይቀያየራል። ከሌሊቱ 5 እስከ 9 ሰዓት የሠራ ቡድን ጥቂት ተኝቶ በማግስቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ተመልሶ ሥራ ላይ ይቆማል። በመካከሉ ምግብ፣ ጽዳት፣ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ ትምህርትና የራስ ጥናት አለ።

በፈረቃው አንዱ ኮምፓሱን እያየ መሪውን ይጨብጣል። ሌላው ከመርከቡ ፊት ቆሞ አድማሱን ይቃኛል። ሌላው ደግሞ በየሰዓቱ መርከቡን ከላይ እስከ ታች እየዞረ የሞተር ክፍሉን ይፈትሻል፣ ያየውንም መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ወጥ ቤት የሚመደበው ከነጋ እስኪመሽ ሠላሳ ለሚሆን ሰው ሽንኩርት ይልጣል፣ ሳህን ያጥባል። የሚጠጣ ውኃ በቁጠባ ስለሆነ ገላ እንደልብ አይታጠቡም። ወደ ጉዞው መገባደጃ መኮንኖቹ ወደ ኋላ ይሉና ፈረቃውን የመምራት ኃላፊነት ለተማሪው ይተዋሉ። ሸራውን መቼ ማውረድ፣ መረቡን መቼ መጣል እንደሚገባ የሚወስነው ያን ጊዜ እሱ ነው።

ከዕለት ሥራው ሁሉ ታሪክ የሠራው መረቡ ነው። አፉ አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር ነው፤ ቀዳዳዎቹ ግን የሚሊሜትር ሲሶ ያህል ብቻ ናቸው። በቀንና በሌሊት ከመርከቡ ጎን ይጣልና በውኃው ገጽ ላይ ለግማሽ ሰዓት፣ አንድ የባሕር ማይል ያህል በዝግታ ይጎተታል። ሲወጣ በውኃ እየታጠበ ያፈሰው ሁሉ ወደ ጫፉ ይሰበሰባል። የሌሊቱ ሲሳይ ከቀኑ ይበዛል፤ በጨለማ ከጥልቁ ወደ ላይ የሚወጡ ደቃቅ እንስሳትና ብርሃን የሚረጩ ትንንሽ ዓሦች ይያዛሉና። በላያቸው የባሕር አረምና በውኃ ላይ የሚራመዱ ነፍሳት ይታከላሉ። ተማሪዋ በምትወዛወዘው ቤተ ሙከራ እግሯን አደላድላ ቆማ፣ ከዚህ ሁሉ መሀል የፕላስቲክ ስብርባሪውን በወረንጦ አንድ በአንድ ትለቅማለች። አብዛኛው የጥቂት ሚሊሜትር ፍንካች ነው። ቆጥራ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ትጽፋለች።

ኬራ ላቬንደር ሎው የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት የተገነባው በዚህ መዝገብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2008 መረቡ በሰሜን ምዕራብ አትላንቲክና በካሪቢያን ባሕር ከ6,100 ጊዜ በላይ ተጥሎ ነበር። ከ64,000 በላይ ስብርባሪ የለቀሙት 7,000 የሚሆኑ ተማሪዎች ናቸው። ካርታው ሲሠራ ፕላስቲኩ ከሁሉ በልጦ የተከማቸው ከየብስ ርቆ፣ የውቅያኖሱ ጅረቶች ዞረው በሚገናኙበት ቀጠና መሆኑ ታየ። ያልተጠበቀ ነገርም ተገኘ፤ የዓለም የፕላስቲክ ምርት በእነዚያ 22 ዓመታት እጅግ ቢጨምርም በዚያ ቀጠና የውኃ ገጽ ላይ የተገኘው መጠን በዚያው ልክ አልጨመረም። «ታዲያ የቀረው ወዴት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎችን ሥራ አስይዟል።

ይህን ውጤት አንድ ሊቅ ብቻውን፣ በአንድ ጉዞ ሊደርስበት አይችልም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀባበሉት፣ አብዛኞቹም እርስ በርስ ተገናኝተው የማያውቁ ወጣቶች፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት መረብና በአንድ ዓይነት አሠራር በመሥራታቸው የተገኘ ነው። ከ100 ጉተታ ከ60 በላይ በሚሆኑት ፕላስቲክ ተገኝቷል፤ በቀሩት ምንም አልተገኘም። በእንቅልፍ የደከመ ተማሪ ምንም ባላገኘበት ሌሊት ሳይታክት መዝገቡ ላይ ዜሮ ጽፏል። ፕላስቲኩ የት እንዳለ በእርግጠኝነት መናገር የተቻለው የት እንደሌለም በእውነት ስለተመዘገበ ነው። ባሕርን ለማስተማር የተነሣ ትምህርት ቤት ለወጣቶች ከዚህ የበለጠ ምን ሊያስተምር ይችላል? ማንም በማያይበት ሰዓት ያዩትን በትክክል መጻፍ፣ ውጤቱንም ለሚቀጥለው ተረኛ አምኖ መተው የሳይንስ መሠረቱ ነው።