ከኢማቶንግ ቅርፊት እስከ ቤተ ሙከራ፦ ዕፅዋትና የፕሮስቴት ካንሰር

ከጁባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በምሥራቅ ኢኳቶሪያ፣ የኢማቶንግ ተራሮች ሰንሰለት ይገኛል። ከፍተኛው ጫፍ ኪንዬቲ 3,187 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ደን የኢትዮጵያ ደገኛ «ጥቁር እንጨት» የሚለው ዛፍ ይበቅላል። ዕፅዋት ከፕሮስቴት ሕመም ጋር ያላቸው ታሪክ በአብዛኛው ከዚህ ዛፍ ይጀምራል። ታሪኩም የባህል ሕክምና፣ የፋብሪካና የፍተሻ ተብሎ በሦስት ዘመን ሊከፈል ይችላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ዘመን የአፍሪካ ባህል ሐኪሞች ነው። ከካሜሩን እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ቅርፊቱ እየተቀቀለ ወይም እየተፈጨ ለሽንት ችግር፣ ለትኩሳትና ለሆድ ሕመም ይሰጥ ነበር። የዕፅዋት ሰብሳቢው ጉስታቭ ማን በ1861 ከካሜሩን ተራራ ናሙናውን ሲወስድ ዛፉ ወደ አውሮፓ ሳይንስ መዝገብ ገባ። የሕክምና ዕውቀቱ ግን ከመዝገቡ ይቀድማል።

ሁለተኛውን ዘመን 1966 ያበስረዋል። በዚያ ዓመት ተመራማሪው ቻርልስ ሃጊንስ የፕሮስቴት ካንሰር በወንድ ሆርሞን ላይ የተመረኮዘ መሆኑን ቀደም ብሎ በ1941 በማሳየቱ ኖቤል ተሸለመ። ፈረንሳዊው ዣክ ዴባም በዚያው ዓመት በቅርፊቱ ጭማቂ ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ጭማቂው ቤታ ሲቶስቴሮልንና የፌሩሊክ አሲድ ውህዶችን ይዟል። በ2002 የወጣ ግምገማ 1,562 ወንዶች የተሳተፉባቸውን 18 ሙከራዎች መርምሮ፣ ጭማቂው ካንሰር ያልሆነ የዕጢ ማበጥ ለሚያስከትለው የሽንት ችግር መጠነኛ እፎይታ እንደሚሰጥ አገኘ። ስለ ካንሰር መከላከል ግን የሚያረጋግጠው ነገር አልነበረም።

ገበያው የደራው ዛፉን በመጉዳት ነበር። በደንቡ ከግንዱ አራት ጎኖች ሁለቱ ተቃራኒዎች ብቻ ይላጣሉ፤ ዙሪያውን ከተገፈፈ ግን ከቅጠል ወደ ሥር ምግብ የሚወርድበት መንገድ ተቆርጦ ዛፉ ይደርቃል። ስለዚህ ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፉ የሳይቴስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ። በ2007ም የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን የሚመጣውን ለጊዜው አገደ። በአጭሩ፣ ይህ ዘመን ቅርፊቱን ወደ ፋርማሲ አድርሶ ደኑን አሳሳ።

ሦስተኛው ዘመን ከማስታገስ ወደ መከላከል ተሻገረ። በ1995 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ቲማቲም አዘውትረው በሚመገቡ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር ያነሰ መሆኑን አመለከተ። ትኩረቱም ለቲማቲም ቀይ ቀለም በሚሰጠው ላይኮፔን ላይ አረፈ። በ2006 ደግሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች ከአረንጓዴ ሻይ ውህዶች በ60 ወንዶች ላይ አበረታች ውጤት አገኙ፤ ሙከራው ግን አነስተኛ ነበር።

ትልቁ ፈተና በ35,533 ወንዶች ላይ ሴሊኒየምንና ቫይታሚን ኢን የሞከረው ጥናት ነበር። ጥቅም ስላልታየ በ2008 እንክብሎቹ ቆሙ፤ በ2011 የወጣው ክትትል ደግሞ ቫይታሚን ኢ ብቻ በወሰዱት ላይ ካንሰሩ 17 በመቶ መጨመሩን አሳየ። በሌላ በኩል ከዬው ዛፍ ቅጠል የሚነሳው ዶሴታክሴል ከ2004 ጀምሮ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ሆነ። ዕፅዋት ከመከላከል ይልቅ በማከም ላይ ጽኑ ማስረጃ ማግኘታቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ሁሉ ለጁባ ነዋሪ ቅርብ ነው። ከአሲዳ (ገንፎ) ጋር የሚቀርበው ሙላህ (ወጥ) በቲማቲምና በዘይት ሲበስል ላይኮፔኑን ሰውነት ከጥሬው ይልቅ በቀላሉ ይቀበለዋል። ካርካዴውና ቅጠላ ቅጠሉም ጥሩ ምግብ ነው፤ የካንሰር ዋስትና ግን አይደለም። ሕክምናው ግን ሩቅ ነበር፤ ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ስትወጣ የጨረር ሕክምና ማዕከል አልነበራትም። በጎረቤት ኡጋንዳ በሙላጎ ሆስፒታል የነበረው ብቸኛው የጨረር መሣሪያም በ2016 ተበላሽቶ ነበር።

የሦስቱ ዘመናት ድምዳሜ ይህ ነው፦ የፕሮስቴት ካንሰርን እንደሚከላከል በጽኑ የተረጋገጠ የዕፅዋት ውህድ እስካሁን የለም። ቅርፊት ሽንትን ቀለል ማድረጉ ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ እፎይታው ምርመራን ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት ያለፈ ወንድ፣ በተለይም አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ሕመም የተያዘበት፣ የሕመም ምልክት ባይሰማውም ስለ ምርመራው ሐኪሙን ያማክር።