ስለ ቁልፍና ስለ ፊደል፤ አማርኛ በኢማክስ መጻፍ የተቻለበት ታሪክ

ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት ከነእርባታቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ገና አልተቈጠሩም። የፈረንጅ የጽሕፈት መኪና ግን አምሳ እንኳ የማይሞላ ቁልፍ ነበረው። ከጣልያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ባሰናዱት መኪና ችግሩን ያቃለሉት ፊደሉን በመክፈል ነው፤ የፊደሉን አካል ለብቻ፥ የእርባታውን ምልክት ለብቻ እየመቱ ማጋጠም። ቅርጹ የቁም ጽሕፈት ለለመደ ዓይን ቢጐረብጥም ዘዴው አገልግሏል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ቅርጹ ዳነ፤ ድካሙ ግን ወደ ጣት ተዛወረ። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም ነው። በአሜሪካ በኤም አይ ቲ፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1976 ሲጀመር ማውስ ገና ስላልተስፋፋ፥ ሁሉ በቁልፍ ይታዘዛል፤ ዛሬም ጠባዩ ይኸው ነው። «ኮንትሮል»ን ይዞ «ኤፍ»ን የነካ አንድ ፊደል ወደ ፊት ይሄዳል፤ «ኤን»ን የነካ ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል። ጽሑፉን ለማስቀመጥ «ኮንትሮል» እንደ ተያዘ «ኤክስ» ቀጥሎም «ኤስ» ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን፥ በእኔ አስተያየት፥ «ኮንትሮል» ከ«ጂ» ጋራ ነው፤ የማይፈልገውን ትእዛዝ የጀመረ ሰው የሚወጣበት በር ነውና።

የኢማክስን ልዩ ልዩ ቋንቋ የመጻፍ ችሎታ ያደራጁት ጃፓናውያን ሊቃውንት ነበሩ። ሥራቸው በ1997 ከወጣው 20ኛው ዕትም ጋራ ሲዋሐድ ፊደላችንም አብሮ ገባ፤ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ከመቀበሉ (1999) ሁለት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። የአመታቱ ሕግ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያወጡት «ሴራ» የተባለው ሥርዐት ነው። ጀማሪው «ኮንትሮል»ን ይዞ ወደ ኋላ ያዘነበለውን ጭረት ይነካል፤ ፕሮግራሙ የአጻጻፉን ዘዴ ስም ሲጠይቀው በላቲን «ኢትዮፒክ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የላቲኑ ተነባቢ ብቻውን ሳድስ ይሆናል፤ አናባቢ ሲከተለው ይረባል። «ሰላም» ለማለት አምስት ቁልፍ ይበቃል። የሥርዐቱን ስም ራሱን በትንንሽ የላቲን ፊደል ቢመቱት «ሰራ» ይወጣል፤ መምህሮቻችን «ሠራ» በሉ ቢሉንም።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። «ሰ» በቀላሉ ሲገኝ «ሠ» ተጨማሪ ቁልፍ ይጠይቃል፤ የቸኰለ ጣት ደግሞ ቀላሉን ይመርጣል። በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚያስጽፍ «ሠርፀ» የተባለ ባለጉዳይ ስሙ «ሰርጸ» ሆኖ ቢወጣ ልብ ላይለው ይችላል፤ ለጆሮ አንድ ነውና። ኮምፒውተር ግን የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ድምፅ አይደለም፤ አንድ አድርጎ እንዲቈጥራቸው ካልታዘዘ በቀር በአንዱ አጻጻፍ የገባው ስም በሌላው ቢፈለግ አይገኝም።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ ሰዎች ይህን ለክርክራቸው ይጠቅሱት ይሆናል። ዳሩ ግን ከዛሬ ጀምሮ ቢቀነሱ እንኳ ቀድሞ የተጻፈው መዝገብ እንደ ተጻፈ ይኖራል። ስለዚህ ፊደሉን ከመቀነስ ይልቅ ፍለጋው ሁለቱን አጻጻፍ እንዲያስታርቅ ማድረግ የሚቀል ይመስለኛል።