ድርና ማግ፤ ሸማ ያገናኛቸውና ሕግ የለያቸው ሰዎች

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ አይገኝም ማለት ይቻላል። ሁለት ሰዎች እጅግ ሲዋደዱም «ድርና ማግ ሆኑ» ይባላል። ድር ሸማኔው በቁመት የሚዘረጋው ፈትል ነው፤ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ እያሳለፈ በወርዱ የሚያገባው ነው። እንግዲህ ስለ አንድነት የምንናገርበት ቋንቋ ከሸማኔ ጉድጓድ የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌውን ያበረከተው ሠራተኛ ራሱ በብዙ አገር ከአንድነቱ ውጭ ሲደረግ ኖሯል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን መመርመር ነው።

ጥጥ በአካባቢያችን ጥንታዊ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ካጠፋው ሀብት መካከል የእህልና የጥጥ ክምችት ተጠቅሷል። ሥራው ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ጥጡን የምትዳምጠው፣ ባዘቶውን በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ በዚህም ወይዘሮዋና ድኻዋ አይለያዩም። ከዚያ በኋላ ልቃቂቱ ወደ ሸማኔው ይወሰዳል፤ ሽመና በአብዛኛው የወንድ ሥራ ነውና። እሱም በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ ድሩን እየከፈተ፣ በእጁ መወርወሪያውን እያመላለሰ ፈትሉን ጋቢ አድርጎ ይመልስላታል። ስለዚህ አንዱ ጋቢ ቢያንስ የሁለት ቤት እጅ ያረፈበት ነው።

ሁለቱ ቤቶች ግን ሁልጊዜ ጎረቤታሞች አልነበሩም። በጎንደር አካባቢ ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1668 ዓ.ም.፣ የተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ወገኖች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወሰነ። ክርስቲያኗ የፈተለችውን እነርሱ ሲሠሩላት፣ ሸማው በየቀኑ የሰፈሩን ወሰን ይሻገር ነበር ማለት ነው። ማዕድና ጋብቻ ግን አልተሻገሩም። የእጅ ባለሙያውም ቡዳ እየተባለ ይፈራ ነበር።

የንቀቱ ምንጭ ሽመናው ራሱ ነውን? የጋሞ ደጋ ምሳሌ እንዲህ እንዳልሆነ ያሳያል። በዚያ የዶርዜ ሸማኔ ባለመሬትና ሙሉ የአገር ሰው ነው፤ የሚናቁት ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። በሰሜኑ ግን ቤተ እስራኤል፣ በሚነገረው ታሪክ መሠረት፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ከአፄ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ፣ ሃይማኖታቸውን ባለመለወጣቸው ርስታቸውን ያጡ ናቸው። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ሙያ ያድራል፤ በኋላም ሙያው የውርደቱ ምክንያት ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ ንቀቱ የተከተለው ፈትሉን ሳይሆን ርስት ማጣትን ነው ለማለት ይቻላል።

ለውጡም በሁለት እርምጃ መጣ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መወለዱንም ምክንያት አድርገው አቀረቡ። በዚያው ዘመን የዶርዜ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ገበያ አገኙ፤ ሽሮ ሜዳም እስከ ዛሬ በሥራቸው ይታወቃል። ሆኖም አዋጁ ምላስን እንጂ መሬትን አልነካም። ርስት የሌለው ባለሙያ መሬት የማግኘት መብት በሕግ ያገኘው የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ነው።

ዛሬ ብዙው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ የሩቅ አገር ክር ሳይቀር በሸማኔው እጅ ከባላገሪቱ ፈትል ጋር ይስማማል። ነገር ግን ከላይ የተመለከትነው ታሪክ የሚያስተምረው፣ በአንድ ሸማ ላይ መገናኘት ብቻውን ሰውን ከሰው እንደማያገናኝ ነው። ማግ የሚያልፈው ድሩ በእኩል ተወጥሮ ሲዘረጋ ነው፤ አንዱ ወገን ከላላ ጨርቁ ይጣመማል። «ድርና ማግ ነን» የምንል ሁሉ፣ ይህን ቃል የሰጠን ሸማኔ በማዕዳችን ምን ቦታ እንዳለው አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል።