ዳንቴል ያለው የሳቲን ጉርድ፦ እናት «የውስጥ ልብስ ነው» እንዳትል እንዴት ይለበስ?

ጫፉ ላይ ዳንቴል የተሰፋበትን የሳቲን ጉርድ ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ለብሳችሁ ልትወጡ ስትሉ ግን ከቤት «የውስጥ ልብስሽን ነው እንዴ የለበስሽው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እናቶች እውነት አላቸው። ስስ የሐበሻ ቀሚስ ሰውነት እንዳያሳይ ከስር የሚለበሰው ጉርድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ የሚያብረቀርቅ፣ ጫፉ ዳንቴል። ፋሽኑም በዓለም ላይ የተነሳው ከውስጥ ልብስ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ውጭ ወጣ፤ ልዕልት ዳያናም በ1996 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ሜት ጋላ ላይ ዳንቴል ያለው የዲዮር ሳቲን ቀሚስ ለብሳ ታየች።

👉 ሳቲን ምንድን ነው?
ሳቲን የአሸማመን ስልት ነው። አንዱ ክር ብዙ ክሮችን ዘሎ ስለሚያልፍ ገጹ ይለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ቶሎ ይመዘዛል። ከሐርም ከፖሊስተርም ይሠራል፤ በርካሽ የሚሸጠው በአብዛኛው ፖሊስተር ነው። «ሐር ነው» ተብሎ ውድ ዋጋ ከተጠራባችሁ ከጫፉ አንድ ክር ለምናችሁ አቃጥሉ። ሐር እንደ ፀጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይድቦለቦላል። በቃ፣ ብራችሁን አዳናችሁ።

👉 ለጎንደር እንግዳ አይደለም
በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ ከውጭ በመጣ ሐር የተሸመነ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብም ጣና ላይ ባለው ናርጋ ሥላሴ በተሳለው ሥዕላቸው ጌጠኛ ልብስ ለብሰው ይታያሉ።

👉 እንዴት ይለበስ?
• ቀለም፦ ነጭና ክሬም የውስጥ ልብስ የሚመስሉት እነሱ ናቸው። ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ይሻላል።
• ከላይ፦ የሚያብረቀርቀው ጉርዱ ብቻ ይሁን። ወፍራም ሹራብ፣ ጂንስ ጃኬት ወይም ተራ ቲሸርት አሪፍ ይሄዳል።
• ብርድ፦ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ማታ ሳቲን ብቻውን አያሞቅም። ከስር ታይት ልበሱ። ፖሊስተሩ እግር ላይ እንዳይለጠፍ ገበር ይግባበት።
• ርዝመት፦ የቁስቋም ዳገት ላይ መሬት የሚጠርግ ዳንቴል ድንጋይ ይዞ ያስቀረዋል። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ይበል።
• ንግሥ፦ ኅዳር 6 ቁስቋም ስትወጡ የጎን ቅድ የሌለው፣ ገበር ያለው፣ ዳንቴሉም ከጉልበት በታች የሆነ ይሁን፤ ከላይ ነጠላ። ቅዳሴ ለምታስቀድሱ ግን የሐበሻ ቀሚሱ ይሻላል፤ ጉርዱ ለካፌ ይደርሳል።

👉 ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ
ጨርቁ በሰያፍ እንዲቆረጥ ጠይቁ። ብዙ ጨርቅ ይወስዳል፣ ግን ዳሌ ላይ ሳይጨንቅ ይወርዳል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚላላ ጫፉ ከመታጠፉ በፊት አንድ ቀን ተሰቅሎ ይደር፤ አለዚያ አንዱ ጎን ይረዝማል። የጥጥ ዳንቴል ከሆነ ደግሞ ከመሰፋቱ በፊት ይታጠብ፤ በኋላ ከተኮማተረ ሳቲኑንም ይሰበስበዋል። ልኩ አይጥበብ፤ ሳቲን ሲወጠር ስፌቱ ላይ ይከፈታል።

👉 አጠባ
ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ እጠቡት፤ አትጠምዝዙት። ካውያው ለብ ያለ ይሁን፣ ከውስጥ በኩል ተኩሱት። የጋለ ካውያ ፖሊስተርን ያቀልጣል።

ይህን ሴቭ አድርጋችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ አሳዩ። ለእናታችሁም አንብቡላቸው። ምናልባት የድሮ ጉርዳቸውን ከሳጥን አውጥተው ይሰጧችሁ ይሆናል።